ከመንቀጥቀጡ በኋላ የጡብ ግድግዳችን ተሰነጠቀ፤ ሲሚንቶ ሞልቶ መለሰን ይበቃል?

ጡብ_ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ቤታችን ያረጀ የጡብ ቤት ነው፤ ምድር ቤትና አንድ ፎቅ። ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) የሚባል ነገር የለውም። ጣሪያውንም ወለሉንም የተሸከመው ግድግዳው ራሱ ነው። የላይኛው ወለል እንጨት ነው። ጡቡ የተያያዘው በኖራ ማልታ (ጡብ ከጡብ የሚያጣብቀው ቡኮ) ነው፣ በጥፍር ሲፋቅ ይረግፋል።

መንቀጥቀጡ ካለፈ በኋላ ያየሁት ይሄ ነው። ላይኛው ፎቅ፣ በሁለቱ መስኮቶች መካከል፣ ኤክስ የሚመስል ስንጥቅ አለ (ፎቶ አንድ)። ታች በሩ አናት ላይ ደግሞ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ወደ ጥጉ የሚሄድ ስንጥቅ አለ (ፎቶ ሁለት)። ላይኛው ወለል ከመንገድ ዳሩ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ክፍተት ተፈጥሯል፤ የበር ቁልፍ ይገባበታል (ፎቶ ሦስት)። ከጣሪያው በላይ የተረፈው ግንብም ወደ መንገዱ ትንሽ ዘመም ያለ መሰለኝ።

ኮንትራክተር አስጠራን። ዞር ዞር ብሎ አየና «ስንጥቁን በመሮ ከፍተን ጠንካራ ሲሚንቶ እንሞላዋለን፣ ልስን፣ ቀለም፣ በቃ» አለን። ባለቤቴ ቶሎ ይሠራና እንረፍ ይላል። እኔ ግን ልቤ አልቀበል ብሎኛል። የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።

ማልታ_አቡኪ፦
እህቴ፣ ልብሽ ልክ ነው። እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ልስን ለምን እንደሚጣደፍ አውቃለሁ። ልስን ስንጥቁን ይሸፍነዋል፤ አይጠግነውም። አሁን ስንጥቁ ስለ ቤቱ ብዙ ነገር እየነገረሽ ነው። ከለሰንሽው ወሬው ተቋረጠ ማለት ነው።

ኤክሱን ተይውና ስለ ሦስተኛው ፎቶ እንነጋገር። እና ያ ከጣሪያ በላይ ያለው ግንብ። በእሱ ሥር ሰው ያልፋል?

ጡብ_ቤት፦
አዎ፣ የእግረኛ መንገድ ነው። የእኛም በር በዚያው ነው።

ማልታ_አቡኪ፦
እንግዲያው ዛሬውኑ መተላለፊያውን በገመድ እጠሩት። በሌላ በር ግቡ። ቀሪውን መሐንዲስ ይመልስልሽ።

ስታፋ፦
የስትራክቸር መሐንዲስ ነኝ። በፎቶ ቤት አይፈረድም፣ በቦታው የሚያይ ሰው ያስፈልጋችኋል። ግን ያ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚያይ እንድታውቂ ልዘርዝረው።

ብዙ ሰው የስንጥቁን ስፋት ይለካል። ስፋቱ ይጠቅማል፤ ቅርጹና ያለበት ቦታ ግን ይበልጣሉ።

ጡብ ሲጫኑት ጎበዝ ነው። ሲጎትቱት ግን አቅም የለውም። በመጨመቅ የሚችለውን አንድ አሥረኛ እንኳ በመጎተት አይችልም። ግድግዳውን አንድ ላይ ይዞት የሚኖረው በዋናነት የራሱ ክብደት ነው። ክብደቱ ጡቡን እርስ በርስ ያጣብቀዋል፣ ፍትጊያው ይይዘዋል። ለዚህ ነው የመንቀጥቀጥ ጉዳት ብዙ ጊዜ ከላይ የሚጀምረው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ንቅናቄው ይጨምራል፣ ከላይ የሚጫነው ክብደት ግን ይቀንሳል። የጭስ ማውጫ፣ ከጣሪያ በላይ የወጣ ግንብ (ፓራፔት የሚሉት)፣ የጣሪያው ባለ ሦስት ማዕዘን የጎን ግንብ፤ መጀመሪያ የሚወርዱት እነዚህ ናቸው። ቀጥሎ የላይኛው ፎቅ ግድግዳ።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ። ኤክሱ የሚመጣው ግድግዳው በራሱ ርዝመት አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ ሲገፋ ነው። ወደ ቀኝ ሲገፋ አንዱን ሰያፍ ይሠራል፣ ወደ ግራ ሲመለስ ሌላውን። ሁለቱ ሲገናኙ ኤክስ ይሆናል። ብዙ ጊዜ በመስኮቶች መካከል የሚታየውም እዚያ ግድግዳው ስለሚጠብ ነው። ደረጃ እየሠራ የሚሄደው ስንጥቅ ደግሞ በማልታው መስመር የተጓዘ ነው። ማልታው ከጡቡ ይደክማል ማለት ነው። ይሄ እንደ መጥፎ ዜና ብቻ አይታይ። ጡቦቹ እየተንሸራተቱና እየተፋተጉ ጉልበቱን አባክነውታል። ስንጥቁ ጡቡን ራሱን በጥሶ ቀጥ ብሎ ከሄደ ግን ማልታው ከጡቡ ይበልጥ ጠንክሯል፤ እንዲህ ያለው ግድግዳ ሲሰበር ድንገት ነው።

ሰው የሚስተው አንድ ነገር ልጨምር። በመስኮቶች መካከል ያለ ቀጭን ግድግዳ አናቱና እግሩ ላይ አግድም ስንጥቅ ብቻ ካሳየ ብዙ ጊዜ ከኤክሱ ይሻላል። ተወዛውዞ ቦታው ተመልሷል ማለት ነው። ሰው ግን አግድሙን አይቶ ይደነግጣል፣ ኤክሱን አይቶ «ልስን ነው» ይላል።

እኔን ያሳሰበኝ ፎቶ ሦስት ነው። በእንዲህ ዓይነት ቤት የወለሉ ተሸካሚ እንጨቶች ግድግዳው ውስጥ በተተወላቸው ቀዳዳ ገብተው ተቀምጠዋል እንጂ አልታሰሩም። ክፍተት ተፈጠረ ማለት ግድግዳው ከወለሉ ሸሽቷል ማለት ነው። አሁን ያ ግድግዳ በአንድ ፎቅ ቁመት ሳይሆን በሁለት ፎቅ ቁመት ብቻውን የቆመ ነው። ኤክሱ ያለበት ግድግዳ ተሰንጥቆም ቆሞ ሊቀጥል ይችላል። ከወለል የተላቀቀ ግድግዳ ግን ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ ይወድቃል። ሲወድቅም እንጨቶቹ ከቀዳዳቸው ይወጣሉ፤ ወለሉም አብሮ ይመጣል።

የኮንትራክተሩ ሥራ ኤክሱን ያስውባል፣ ፎቶ ሦስትን ግን አይነካውም።

ቆሞ_ነበር፦
ኧረ እባካችሁ ሰው አታስፈራሩ። ቤቱ አርጅቷል ብላለች። ስንት ዘመን ቆሟል። ትልቁን መንቀጥቀጥ ከቻለው ተከታዩን ትንንሽ አይችልም? መሐንዲስ ሁሉ ሲያይ የሚታየው ሂሳብ ነው።

ስታፋ፦
ወንድሜ፣ ይሄ ክርክር በጣም ውድ ዋጋ ተከፍሎበታል። (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች። መስከረም 4 ቀን 2010፣ መጠኑ 7.1 የሆነ መንቀጥቀጥ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ35 ላይ መጣ። ማዕከሉ ከከተማው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር። ፓራፔት ወረደ፣ የጡብ ግንብ ተሰነጠቀ፣ መንገድ ላይ ግን ሰው ስላልነበረ በህንፃ መውደቅ የሞተ አልነበረም። ከተማው ተነፈሰ።

የካቲት 22 ቀን 2011 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ51 ላይ ተከታዩ መጣ። መጠኑ 6.2፤ በቁጥር ከመጀመሪያው ያንሳል። ግን ጥልቀቱ ትንሽ፣ ማዕከሉም ከከተማው መሃል 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። 185 ሰው ሞተ። ከእነዚህ ወደ 40 የሚጠጉት የሞቱት ፌሮ (የውስጥ ብረት) በሌላቸው የጡብ ግንቦች ምክንያት ነው። አብዛኞቹ ደግሞ ቤቱ ውስጥ አልነበሩም፤ በእግረኛ መንገድ ወይም በመኪናና በአውቶቡስ ያልፉ ነበር።

ተከታዩ «ትንሽ» የሚሆነው በመጠን ነው። አንቺ ቤት ላይ ምን ያህል እንደሚያርፍ የሚወስነው ርቀቱ፣ ጥልቀቱና አፈሩ ነው። ቤቱም ሁለተኛውን የሚቀበለው ከነስንጥቁ ነው።

ቆሞ_ነበር፦
እሺ፣ ይሄንን አላውቅም ነበር። ግን አሁንም ሁሉም ይፍረስ ማለት አይደለም።

ስታፋ፦
ማንም ይፍረስ አላለም። ይታሰር ነው ያልነው።

ጡብ_ቤት፦
ዛሬ መርማሪ ቡድን መጥቶ በሩ ላይ ቢጫ ወረቀት ለጥፎ ሄደ። ጎረቤታችን ቀይ ተለጥፎበት ሴትዮዋ ስታለቅስ ነበር። ቀይ ማለት መፍረስ ነው?

ሳይት_ዋይ፦
አይደለም። ጎረቤትሽን አረጋጊያት። አሠራሩ የመጣው በ1989 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከወጣ ኤቲሲ-20 ከሚባል መመሪያ ነው፣ ብዙ አገሮች በየራሳቸው መልክ ወስደውታል። አረንጓዴ ተመርምሯል፣ ግልጽ አደጋ አልታየም ነው። ቢጫ በከፊል ወይም በገደብ ተጠቀሙ ነው፤ የቱ ክፍል እንደተከለከለ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ አንብቢው። ቀይ «አሁን አትግቡ» ነው። ስለ ዛሬ ደህንነት እንጂ ስለ ቤቱ ዕጣ አይደለም። ብዙ ቀይ የተለጠፈባቸው ቤቶች ተጠግነው ሰው ገብቶባቸዋል። አረንጓዴም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፣ ጠንከር ያለ ተከታይ ከመጣ ምርመራው እንደገና ይደረጋል።

በዚሁ አጋጣሚ ለሁላችሁም፦ ስንጥቅ ለማየት ብላችሁ ከግንብ ሥር አትቁሙ። መስከረም 26 ቀን 1997 ጣሊያን ውስጥ ሌሊት አንድ መንቀጥቀጥ መጣ። ሲነጋ አሲሲ ያለውን የቅዱስ ፍራንቸስኮ ባዚሊካ ጉዳት ሊመረምሩ ሰዎች ገቡ። ረፋዱ ላይ ከሌሊቱ የበለጠው ሲመጣ የጣሪያው ቅስት ተደረመሰ፤ አራት ሰው ሞተ። የሙያው ሰዎች ነበሩበት። እናንተ በስልክ ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ ፓራፔት ሥር አትግቡ። ከርቀት አጉልታችሁ አንሱ።

ቡሎን፦
ሰው ሁሉ «ይታሰር» ይላል፣ እንዴት እንደሚታሰር ግን ማንም አልጻፈም። እኔ የብረት ሥራ ነው የምሠራው፤ እንዲህ ያሉ ቤቶች ላይ ተካፍያለሁ።

አሮጌ የጡብ ህንፃ ፊት ላይ ክብ ወይም ኮከብ ወይም ኤክስ ቅርጽ ያለው ብረት ተሰክቶ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጌጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እሱ የማሰሪያው ራስ ነው። ሥራው ይሄ ነው፦ ግድግዳው ከውጭ ወደ ውስጥ ይበሳል። በድሪል ሲበሳ የመዶሻ ምቱ ይጠፋና በማሽከርከር ብቻ ይሄዳል፣ አለዚያ የውስጡ ጡብ ይፈነዳል። ጥርስ የወጣለት ወፍራም ብረት ይገባል። በውጭ በኩል ሰፊ ላሜራ፣ ሮንዴላና ዳዶ። ላሜራው ሰፊ የሆነው ኃይሉን ለብዙ ጡብ እንዲያካፍል ነው፤ ትንሽ ከሆነ ጡቡን በጥሶ ይገባል። በውስጥ በኩል ደግሞ ብረቱ ከወለሉ ተሸካሚ እንጨት ጎን ጋር በቡሎን ይታሰራል። በቁርጥራጭ ሚስማር አይደለም፤ በቡሎን።

ብዙ ሰው የሚረሳው እንጨቶቹ ከግድግዳው ጋር ጎን ለጎን የሚሄዱበትን ፊት ነው። እዚያ አንድ እንጨት ላይ ብቻ ካሰርክ ግድግዳው ሲጎትት ያንን አንድ እንጨት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ በእንጨቶቹ መካከል ድጋፍ እንጨት ይገባና ማሰሪያው ብዙ እንጨት አቋርጦ ወደ ወለሉ ውስጥ ጠልቆ ይሄዳል። ከዚያ ወለሉ ራሱ ላይ ፕላይውድ ይመታል። ምክንያቱም ወለሉ ግድግዳዎቹን እንዲይዝ ራሱ መጀመሪያ መላላት የለበትም።

ፓራፔቱ ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ዝቅ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ወይ ከኋላው ከጣሪያው ጋር በብረት ይደገፋል። ከዘመመ ግን እኔ አውርዱት ነው የምለው።

ይሄ አዲስ ፈጠራ አይደለም። መጋቢት 10 ቀን 1933 ሎንግ ቢች ካሊፎርኒያ ላይ መጠኑ 6.4 የሆነ መጣ። ወደ 120 ሰው ሞተ። ብዙ የጡብ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ስለነበር ልጆቹ ቤታቸው ገብተው ነበር። በወሩ የትምህርት ቤቶችን ግንባታ የሚቆጣጠር ፊልድ አክት የሚባል ሕግ ወጣ። በ1981 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ነባር የጡብ ህንፃዎች እንዲታሰሩ ወይም እንዲፈርሱ ደነገገች። ዋናው ጥያቄ ያኔም አሁንም አንድ ነው፤ ግድግዳው ከወለልና ከጣሪያ ታስሯል ወይስ አልታሰረም?

ጡብ_ቤት፦
ከታሰረ በኋላ በሚቀጥለው መንቀጥቀጥ አይሰነጠቅም?

ቡሎን፦
ይሰነጠቃል። ታስሮም ይሰነጠቃል። ማሰሪያው የሚገዛልሽ ከቤት በሰላም የመውጣት ዕድልን ነው። «ከዚህ በኋላ ምንም አይነካውም» የሚልሽ ሰው ካለ ሌላ ሰው ፈልጊ።

ማልታ_አቡኪ፦
አሁን ወደ እኔ ሥራ እንምጣ። ኮንትራክተሩ «ጠንካራ ሲሚንቶ» ማለቱ ነው ያናደደኝ።

አሮጌ ጡብ ለስላሳ ነው፣ ኖራውም ለስላሳ ነው። ቤቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ ሲረጥብና ሲደርቅ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ማልታው ከጡቡ ስለሚለሰልስ እንቅስቃሴውን እሱ ይቀበለዋል። እርጥበትም በማልታው በኩል ይወጣል። በመካከሉ ድንጋይ የመሰለ ሲሚንቶ ስትከቺበት እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ወደ ጡቡ ይዞራል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የጡቡ ፊት እየተላጠ ይረግፋል፣ ሲሚንቶው ብቻ አፍጦ ይቀራል። እና በሚቀጥለው መንቀጥቀጥ ስንጥቁ ከሲሚንቶው ጎን ጡቡን ሰብሮ አዲስ መንገድ ይከፍታል። ደንቡ አንድ ነው፦ ማልታ ከጡብ መብለጥ የለበትም።

የተሸረሸረ ማልታ ሲታደስ ላዩን ቀባ ቀባ አይደረግም። ቢያንስ የመስመሩን ውፍረት እጥፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ድረስ ተፍቆ ይወጣል። በመሮና በመዶሻ። ግራይንደር የያዘ ሰው በቋሚ መስመሮቹ ላይ ካየሽ አስቁሚው፤ ከላይና ከታች ያለውን ጡብ ሳይቆርጥ አያልፍም። ከዚያ አቧራው ይታጠባል፣ ጡቡ በውሃ ይርሳል (ደረቅ ጡብ የማልታውን ውሃ መጥጦ ይገድለዋል)፣ ማልታው በስስ በስሱ ተደራርቦ ይጠቀጠቃል። ኖራ አይቸኩልም። እርጥብ ጆንያ ይሸፈንበትና ለብዙ ቀን ይጠበቃል። ኮንትራክተሮች ኖራን የሚጠሉት ለዚህ ነው እንጂ መጥፎ ሆኖ አይደለም።

ግድግዳው ውስጥ ድረስ የገባ ስንጥቅ ደግሞ በመርፌ ይሞላል። ስንጥቁ ከውጭ በማልታ ይደፈናል፣ በመካከሉ ትንንሽ ቱቦዎች ይተዋሉ። ከታች ባለው ቱቦ መጀመሪያ ውሃ ይገባል። አቧራውን ያጥባል፣ የት እንደሚያፈስም ያሳይሻል። ከዚያ ቀጭን የኖራ ማልታ ከታች ወደ ላይ፣ በቀላል ግፊት። ከላይኛው ቱቦ ብቅ ሲል የታችኛው ይዘጋና ወደሚቀጥለው ይኬዳል። ከላይ የጀመረ ሰው አየር ይዘጋበታል፣ ግማሹ ባዶ ይቀራል። በኃይል የገፋ ሰው ደግሞ ግድግዳውን ከውስጥ ይከፍለዋል።

አይቼዋለሁ፦
የኤክሱ ስንጥቅ ውስጥ ብረት መስፋት የሚባል ነገር አለ አይደል? እዚህ ማንም አላነሳውም።

ስታፋ፦
አለ፤ ጥሩም ነው። ስንጥቁን አቋርጦ በማልታው አግድም መስመር ላይ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ይቆፈራል። የተጠማዘዘ የማይዝግ ብረት፣ ብዙ ጊዜ ባለ 6 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭን ማልታ ውስጥ ይቀበራል። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ግማሽ ግማሽ ሜትር ያህል መሄድ አለበት፤ ከአራት እስከ ስድስት ረድፍ ጡብ እየዘለሉ ይደገማል። ፊቱ ላይ በኖራ ማልታ ሲዘጋ አይታይም። ተራ ፌሮ ግን አትቅበሩ። ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ የሰፋችሁትን መልሶ ይተረትረዋል።

ካርቦን፦
በዚህ ዘመን ይሄ ሁሉ መሮና ኖራ ለምን? ካርቦን ፋይበር በኢፖክሲ መለጠፍ ነው። ከብረት ይበልጣል።

ስታፋ፦
ካርቦኑ ይበልጣል፣ ኢፖክሲውም ይበልጣል። ችግሩ የተለጠፈበት ጡብ ነው። ሲጎተት ካርቦኑ የጡቡን ፊት ላጥ አድርጎ ይዞ ይመጣል። ኢፖክሲ ደግሞ እርጥበት አያስተላልፍም። ለደካማ አሮጌ ጡብ የሚሻለው መረብን በኖራ ማልታ ውስጥ ቀብሮ በሁለቱም ፊት መልበስ ነው፣ ሁለቱን ፊት ደግሞ ግድግዳውን በሚያቋርጥ ማሰሪያ ማያያዝ። ጥሩና ጠንካራ ጡብ ላይ ከሆነ ካርቦንህን እቀበላለሁ።

አርማታ፦
እኔ የምለው፣ እንጨቱን ወለል አንስቶ ሶሌታ (የአርማታ ወለል) መሙላት፣ ከላይ ደግሞ ዙሪያውን ወፍራም ቢም (አግድም የአርማታ ተሸካሚ) መድፋት ነው። አርማታ ይዞት ይኖራል።

ቱምቢ፦
ይሄ ሐሳብ ጣሊያን ውስጥ ለዓመታት ተሠርቶበታል። በ1997ቱ የኡምብሪያና ማርኬ መንቀጥቀጥ ውጤቱ ታየ። ደካማ ግንብ ላይ ከባድ ሶሌታና ቢም የተጫነባቸው ቤቶች ክፉኛ ተጎዱ። መንቀጥቀጥ የሚገፋህ በክብደትህ ልክ ነው፤ ጣሪያ ላይ ክብደት ጨመርክ ማለት የሚገፋህን ኃይል ጨመርክ ማለት ነው። ከታች ያለው ግድግዳ ግን ያው የድሮው ነው። አርማታው ሳይሰበር ይቆያል፤ ግንቡ ከሥሩ ይበተንና አርማታው ሙሉውን ይወርዳል። ቀለል ያለ ማሰሪያ ቀበቶ፣ ከግንቡ ጋር በደንብ የተያያዘ፣ አዎ። ሶሌታ፣ አይሆንም።

አርማታ፦
ግንቡ ጠንካራ ከሆነስ?

ቱምቢ፦
ከሆነ ሂሳቡ ይታያል። የእሷ ግን በጥፍር ይረግፋል ብላለች።

ፎቅ_ተከራይ፦
ይቅርታ ላቋርጣችሁ። የእኛ ኮለንና ቢም ያለው ፎቅ ነው፣ በመሃሉ ጡብ ተሞልቷል። ስንጥቁ ጡቡ ከኮለኑ በሚገናኝበት ዙሪያውን ነው። እኛስ?

ስታፋ፦
የእናንተ ሌላ ዓይነት ቤት ነው። እዚያ ጡቡ ሙሌት ነው፣ ህንፃውን የሚሸከመው አርማታው ነው። ዙሪያውን መላቀቁ የተለመደ ነው። እናንተ የምታዩት የኮለኑን አናትና እግር ነው። እዚያ ሰያፍ ስንጥቅ ካለ፣ አርማታው ከረገፈና ፌሮ ከታየ ውጡና መሐንዲስ ጥሩ። ሁለተኛ፣ ግማሽ ቁመት ብቻ ጡብ ተሞልቶ ከላይ ረጅም መስኮት ያለበትን ቦታ ተመልከቱ። እዚያ ኮለኑ የሚታጠፈው በቀረችው አጭር ቁመት ስለሆነ መጀመሪያ ይሰበራል። ምድር ቤቱ ክፍት ሱቅ ወይም መኪና ማቆሚያ ከሆነም ንገሩት። የተላቀቀው ሙሌት ራሱም ወደ ውጭ ሊወድቅ ስለሚችል አልጋ ከሥሩ አታድርጉ።

በነገራችን ላይ፣ ጡቡ መጀመሪያ ተገንብቶ ኮለኑ ኋላ ጥርስ በጥርስ ገብቶበት የሚሞላበት አሠራር አለ። ሁለቱ እንደ አንድ ሆነው ይሠራሉ። ቺሊ በ2010 መጠኑ 8.8 የሆነው ሲመጣ አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የተሠሩ ዝቅተኛ ቤቶች ቆመው ቀርተዋል። ለአዲስ ቤት የሚያስብ ሰው ካለ ስለዚህ ይጠይቅ።

ሁለት_ገጽ፦
ለእኛ ቢጤዎችም ልጨምር። ግድግዳቸው ሁለት ስስ ገጽ ሆኖ በመሃሉ ባዶ ያለበት ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ ሁለቱን ገጽ የሚያያይዙት ትንንሽ ሽቦዎች ናቸው። ታኅሣሥ 28 ቀን 1989 አውስትራሊያ፣ ኒውካስል ላይ መጠኑ 5.6 ብቻ የሆነ መንቀጥቀጥ 13 ሰው ገደለ። ከጉዳቱ ምክንያቶች አንዱ እነዚያ ሽቦዎች ዝገው አልቀው መገኘታቸው ነበር፤ ደካማ ማልታም ሌላው። ከውጭ ግንቡ ደህና ይመስላል። ለማየት አንድ ሁለት ጡብ አውጥቶ ትንሿን የቱቦ ካሜራ ማስገባት ነው። ሽቦው ካለቀ በየተወሰነ ርቀት አዲስ የማይዝግ ብረት እየበሱ ማስገባት ይቻላል፣ ግንቡ ሳይፈርስ።

ጡብ_ቤት፦
ዜና አለኝ። መሐንዲሷ መጣች። ከፎቶ ሦስት አልራቀችም፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እዚያ ክፍተት ላይ ነበረች። አንድ የወለል ሳንቃ አስነሳችና ባትሪ አበራችልኝ። የእንጨቱ ጫፍ ከቀዳዳው ወደ ውስጥ ሸሽቷል። የቀድሞ ቦታው ላይ ንጹህ፣ ነጣ ያለ ጠርዝ ቀርቷል፤ ከእሱ ወዲህ ያለው በአቧራ ጠቁሯል። ምን ያህል እንደተሳበ በዚያ ለካችው። ከግድግዳው ላይ የቀረለት መቀመጫ ትንሽ ነው። ወዲያው ከሥር ፑንቴሎ (ጊዜያዊ የድጋፍ ቋሚ) አስቆመችበት። ያንን ክፍል ዘግተን ከኋላ በኩል እየኖርን ነው።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ጻፈችልን፦ ፓራፔቱ ይወርዳል፣ ከዚያ የወለልና የጣሪያ ማሰሪያ፣ ቀጥሎ የኤክሱ መስፋትና ማስሞላት፣ ከዚያ የማልታ እድሳት፣ ልስን በመጨረሻ። ኮንትራክተሩ ልስን መጨረሻ መሆኑን ሲሰማ ተቆጣ። ባለቤቴም መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፣ እንጨቱን ካየ በኋላ ግን ዝም ብሏል።

ጥያቄ አለኝ። መሐንዲሷ እስክትመለስ ስንጥቆቹን ተከታተሉ ብላናለች። በምን?

ማልታ_አቡኪ፦
በጄሶ። ስንጥቁን አቋርጠሽ ስስ ጄሶ ለጥፊበት፣ በእርሳስ ቀን ጻፊበት። ጄሶ ስለማይለጠጥ ስንጥቁ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ይበጠሳል። ልስኑን ፍቀሽ ጡቡ ላይ ለጥፊው እንጂ ልስን ላይ ከሆነ ልስኑ ብቻ ሲላቀቅ ያታልልሻል። ፎቶ ስታነሺ ሁልጊዜ ማስመሪያ ከጎኑ አድርጊ፣ ከአንድ ቦታ ቆመሽ። ከእያንዳንዱ ተከታይ መንቀጥቀጥ በኋላ እይው። ግድግዳውንም በቱምቢ (ክብደት በታሰረበት ክር) ከውስጥ ለኪው፤ ከላይና ከታች ያለውን ርቀት መዝግቢ።

ጡብ_ቤት፦
አመሰግናለሁ። ሌላው፣ ኤክሱ በውጭ በኩል አለ፣ በውስጥ ግን በዚያው ቦታ ምንም የለም። ይሄ ጥሩ ነው?

ስታፋ፦
ላይሆን ይችላል። የድሮ ግድግዳ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ጡብ ተጣብቆ ነው ውፍረቱ የሚመጣው። ረድፎቹን የሚያያይዙት በየመካከሉ አቋርጠው የሚገቡ ጡቦች ናቸው። ከውጭ ስታዪ በአጭር ጎናቸው የሚታዩት እነሱ ናቸው። ከሌሉ ወይም ከተሰበሩ የውጩ ረድፍ ከውስጡ ተላቅቆ ለብቻው ሊሰነጠቅ ይችላል። ፊቱ ወደ ውጭ ነፋ ብሎ እንደሆነ ረጅም ቀጥ ያለ እንጨት አስጠግተሽ እይ።

ማልታ_አቡኪ፦
በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አድርጊው፣ ከውስጥ በኩል፣ ፓራፔቱ ከወረደ በኋላ ደግሞ ከውጭ። ደህናው ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው ባዶ ይላል። ባዶ ያለውን በጠመኔ ክበቢውና ለመሐንዲሷ አሳያት። እዚያ መርፌ ከመግባቱ በፊት ረድፎቹን የሚያያይዝ ብረት መግባት አለበት፤ አለዚያ የማልታው ግፊት ራሱ የውጩን ረድፍ ይገፋዋል።

እና አንድ ነገር። ፓራፔቱ ሲወርድ እንዳይወረውሩት፣ በእጅ እየፈቱ ያውርዱት። ኖራ ስለሆነ በቀላሉ ይለቃል። ጡቡን አጽድተው ይደርድሩልሽ። ኤክሱ አካባቢ የተሰበሩትን ስትቀይሪ ከዚያ የተሻለ የሚመሳሰል ጡብ የትም አታገኚም።